ዳኛ የሌለው ጨዋታ፦ ስለ ፍሪስቢ ውድድር ለጠየቃችሁኝ

ሙቀቱ ሲመጣ ከዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ስለ አልቲሜት ፍሪስቢ፣ ማለትም ፍሪስቢ የሚባለውን ክብ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ዲስክ እየተወራወሩ በቡድን ስለሚጫወቱት ጨዋታ፣ የምትጠይቁኝ ትበዛላችሁ። ባልደረባ ወይም የልጅ ጓደኛ ለቅዳሜና እሁድ ውድድር ይጋብዝና ግራ ይገባችኋል። ጥያቄዎቻችሁን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረቦቼ "ሃት ቶርናመንት" ተመዝገብ አሉኝ። ፍሪስቢ ወርውሬ አላውቅም፣ ቡድንም የለኝም። ልሂድ?

ሂድ! ይሄ ዓይነቱ ውድድር ቡድን ለሌለው ሰው የሚመች ነው። ሁሉም ለየብቻው ይመዘገባል፣ ልምዱንና ፍጥነቱን ይናገራል፣ አዘጋጆቹም ጀማሪውን ከቆየው ጋር ደባልቀው ቡድን ይመድባሉ። ስለዚህ ፎርሙ ላይ ችሎታህን አታጋን፤ የቡድኖቹ ሚዛን የሚበላሸው በዚህ ነው።

ሕጉ ቀላል ነው። ሜዳ ላይ ሰባት ለሰባት ትገጥማላችሁ። ፍሪስቢውን ይዞ መሮጥ አይቻልም። የያዘው ሰው አንድ እግሩን ተክሎ በ10 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት፤ የሚጠብቀው ተጋጣሚ ድምፁን አውጥቶ ይቆጥርበታል። መሬት ከወደቀ የሌላው ቡድን ይሆናል። በሜዳው ጫፍ ባለው የጎል ክልል ውስጥ የቀለበ ነጥብ አገኘ። ኳስ ስትጫወት ክፍት ቦታ አይተህ መግባት ከለመድክ ግማሹን መንገድ ሄደሃል። የቀረውን ከጓደኛ ጋር ፓርክ ወጥተህ ስትወራወር ትለምደዋለህ።

ጥያቄ፦ ምን ልግዛ?

ብዙ ወጪ የለውም። የኳስ ታኬታ ይበቃል፣ የብረት ጥርስ ያለው ግን አይፈቀድም። አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ቲሸርት ያዢ። ለልምምድ 175 ግራም የሚመዝነውን ፍሪስቢ ግዢ፤ ለልጆች መጫወቻ የሚሸጠው ቀላሉ ትንሽ ነፋስ ሲመጣ ይወሰዳል።

ጥያቄ፦ ዳኛ የለም ይላሉ። እኛ ኳስ ስንጫወት ዳኛ እያለም እንጣላለን። ይሄ እንዴት ይሆናል?

ስለዚህ ጨዋታ በጣም የምወደው ይህንኑ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ። ጨዋታውን በ1968 የጀመሩት በኒው ጀርሲ፣ ሜፕልውድ የሚገኘው የኮሎምቢያ ሃይስኩል ተማሪዎች ናቸው። ዛሬ የዓለም ሻምፒዮና ላይ እንኳ ጥፋቱን የሚጠሩት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልትቀልብ ስትዘል ተጋጣሚህ እጅህን መታህ እንበል። "ፋውል" ትላለህ፣ ሁሉም ባለበት ይቆማል። ከዚያ ሁለታችሁ ብቻ ትነጋገራላችሁ፤ አንተ ያየኸውን ትናገራለህ፣ እሱም ያየውን። ካመነ፣ ፍሪስቢውን እንደቀለብክ ይቆጠርልሃል። ካላመነ ደግሞ ወደ ወረወረው ሰው ይመለስና ዳግም ይወረወራል። አለቀ። ማንም በክርክር ሌላውን ማሸነፍ ስለማይጠበቅበት ጩኸት ትርፍ የለውም። ዳር የቆመ ጓደኛ፣ አሰልጣኝም ቢሆን፣ ውሳኔው ውስጥ አይገባም።

ኳስ ላይ ዳኛውን ማታለል እንደ ብልጠት ሲቆጠር አይተን አድገናል። እዚህ ግን የምታታልለው ፊት ለፊትህ ቆሞ ዓይንህን የሚያይህን ሰው ነው፣ ይሄ ደግሞ ይከብዳል። ግልፍ የሚለው ሰው አይጠፋም፤ ያኔ የራሱ አምበል ቀድሞ ቢያረጋጋው ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ የልጄ ቡድን ጨዋታውን ሁሉ ተሸንፎ ሽልማት ይዞ መጣ። ማጽናኛ ነው?

በፍጹም አይደለም፣ እናቴ። በየጨዋታው መጨረሻ ቡድኖች እርስ በርስ ነጥብ ይሰጣጣሉ፦ ሕጉን ስለማወቅ፣ አካል ስላለመጋጨት፣ ስለ ሚዛናዊነት፣ ስለ መልካም መንፈስና ስለ ንግግር። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጣል፤ 2 ጥሩ ማለት ነው፣ ስለዚህ ከ20 ነጥብ 10 ያገኘ ቡድን በደንብ ተጫውቷል። ልጅዎ ያመጣው ሽልማት የዚህ ከሆነ፣ ያሸነፏቸው ቡድኖች ራሳቸው መስክረውላቸዋል ማለት ነው። እየተሸነፉ ጨዋ መሆን ከባድ ነው። እኔ ብሆን ከዋንጫው እኩል ቦታ እሰጠዋለሁ።

ጥያቄ፦ ውድድሩ ፍልሰታ ላይ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ልጫወት?

ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 22 ነው፣ የዚህ ከተማ ሙቀትና ወበቅ የሚበረታበት ጊዜ። ውድድር ላይ በአንድ ቀን ሦስት አራት ጨዋታ ሊኖር ይችላል። ያለ ውሃ ጠዋቱን ሙሉ እንድትሮጥ አልመክርህም፣ ወንድሜ፤ ራስህን ስተህ ልትወድቅ ትችላለህ። ለአምበሉ ቀድመህ ንገረው፣ ተቀያሪ ስላለ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያለውን ብቻ መጫወት ትችላለህ። መጀመሪያ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ ትንሽ በሶ ቅመስና ጥቂት አርፈህ ግባ። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ የምትሄዱም እንዲሁ ስትመዘገቡ ተናገሩ፤ አዘጋጆች ከወዲሁ ካወቁ ያስተካክላሉ፣ የሚያናድዳቸው ጠዋት ሰው ሲጎድልባቸው ነው።