ታኮውን ማን ያንሣው?

ልጆች፣ ባለፈው ሰሞን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ያየሁትን ላጫውታችሁ።

ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ወርዶ ወደፊት ብዙም አይታይም። ከታች እህል የጫነ አይሱዙ እያቃሰተ ይወጣል። ኩርባው ጋ ሲደርስ አቃተው። ረዳቱ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። መኪናው ጭራሽ ሳይቆም ዘሎ ወረደና ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ ሸጎጠ። ታኮ ስል ድንጋይ ነው፣ የሰው ጭንቅላት የሚያህል። ሹፌሩ ትንሽ ታገለና መኪናው ተነሣ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የጫነ መኪና ዳገት ላይ አንዴ ከተነሣ አይቆምም። ረዳቱ ሮጦ ካልተንጠለጠለ እስከ ደሴ በእግሩ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ታኮውን አስፋልቱ ላይ ጥለውት ይሮጣሉ። በጉም፣ በኩርባ፣ ከኋላ በሞተር ሳይክል የሚመጣ ሰው አስቡት። ይሄ ልጅ ግን ተመለሰ። ድንጋዩን በሁለት እጁ ታቅፎ ከቦዩ ማዶ አስቀመጠው። ቦዩ ውስጥ አልጣለውም፤ ይሄን ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ። ከዚያ ነጠላ ጫማው እየተንጣጣ ሮጦ ተንጠለጠለ። ሹፌሩ አላየውም። ሚኒባስ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ነው። እኔ ያየሁት የድሮ ሥራዬ ስለሆነ ነው።

በመንገድ ሥራ 34 ዓመት ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ አመራር በየሆቴሉ ሥልጠና ወስጃለሁ። አበሉ ደህና ነበር። ከዚያ ሁሉ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ግን ጥቂት ነው። እናንተ "ጋሼ፣ ጥሩ አለቃ ማለት ምን ዓይነት ነው?" ስትሉኝ ትዝ የሚለኝ እንዲህ ያለው ነው። የሰፈራችን የቅሬ፣ ማለትም የእድር፣ ዳኛም እንደዚያ ነው። ለቅሶው አልቆ ሰው ሲበተን የመጨረሻዋን የድንኳን ካስማ የሚነቅለው እሱ ነው።

አሁን ስለ ቦዩ። መንገድ የሚያበላሸው መኪና ብቻ ይመስላችኋል። ዋናው ጠላት ውሃ ነው። ውሃ ከአስፋልቱ ሥር ገብቶ አፈሩን ያላላዋል፣ ከዚያ የጫነ መኪና ሲያልፍበት ይሰምጣል። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ ቦይና ከመንገዱ ሥር ውሃ የሚያሳልፈው ቱቦ መጠረግ አለበት። ግንቦት ላይ ቱቦ ውስጥ በደረቱ ገብቶ ደለልና አሮጌ ጎማ ሲጎትት የሚውል ሰው ሪባን አይቆርጥም። ሐምሌ ላይ መንገዱ ባለበት ቢቆም "ማን ጠረገው?" የሚል የለም።

ይሄን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የደሴ ልጅ ነኝ። ንጉሥ ሚካኤል ባሠሩት በአይጠየፍ አዳራሽ አጠገብ እየተመላለስኩ ነው ያደግሁት። የግብር አዳራሽ ነበር፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። እኔ ግን መሐንዲስ ሆኜ ሥራ ስይዝ ምሳዬን መኪና ውስጥ ለብቻዬ እበላ ነበር። ሠራተኛው ጥላ ሥር ቆሎ ይካፈላል፣ እኔ መስኮት ዘግቼ።

ካቦው፣ የቀን ሠራተኞቹ አለቃ፣ የአባቴ እኩያ የሐይቅ ሰው ነበሩ። አንድ ዓመት ግንቦት ላይ "ኢንጅነር፣ ያቺ ቱቦ ተደፍናለች" ብለው ሦስት ጊዜ ነግረውኛል። እኔ ሰዉን በሙሉ ጠጠር ማልበስ ላይ አሰማርቼ ነበር። አለቆች ለጉብኝት ይመጣሉ። ጠጠር ይታያል፣ ቱቦ አይታይም። "ይደርሳል" አልኳቸው።

ሐምሌ መጀመሪያ አንድ ሌሊት ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ስንደርስ የመንገዱ ግማሽ የለም። ውሃው በቱቦው ማለፍ ሲያቅተው ሙሌቱን ጠርጎ ገደል ከቶታል። ሠላሳ የሚሆኑ የቀን ሠራተኞች ቆመው ያያሉ። አለቃዬ በሬዲዮ ይጮህብኛል። እኔም ዞር አልኩና ካቦው ላይ ጮህኩ። "ምን ስትሠራ ከርመህ ነው?" እስከዚያ ቀን አንቱ የምላቸውን ሰው አንተ አልኳቸው።

አልመለሱልኝም። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ዶማ አነሡ።

ማታ ድንኳናቸው ሄድኩ። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። "ይቅር ይበሉኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ። ስኒ ሰጡኝ። ዝም ብለው ቆዩና፣

"አብሽር ልጄ፣ እኔስ ይቅር ብያለሁ። ስድቡ ግን ሰው ፊት ነበር" አሉኝ።

እንቅልፍ የሚባል አልነካኝም። ሌሊቱን ሰበብ ስደረድር አደርኩ። መሐንዲስ ካቦን ሰው ፊት ይቅርታ ከጠየቀ ማን ይታዘዘዋል? ደግሞስ ለእሳቸው ነግሬያቸው የለ? ጠዋት ስም ሲጠራ ሠራተኛው ሁሉ ፊት ቆምኩ። "ካቦው፣ ቱቦው ተደፍኗል ብለው ሦስት ጊዜ ነግረውኛል። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ትናንት የተናገርኳቸው ያለ ጥፋታቸው ነው" አልኩ። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ጉልበቴ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ማንም ምንም አላለም። ካቦው "በሉ ወደ ሥራ" አሉ፣ ሰዉ አካፋውን ይዞ ተበተነ። እኔም ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድ የቀን ሠራተኛ ምሳ ሰዓት ላይ መጣና የመኪናዬን መስኮት አንኳኳ።

"ኢንጅነር፣ መጋዘን ያለው ሲሚንቶ ከሥር ረጥቧል።"

ሄደን አየነው። የታችኛው ረድፍ ድንጋይ ሆኗል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

"ኧረ ቆይቷል" አለኝ።