የሚውጡትን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዘው ይምጡ

የአንባቢያን ጥያቄና የሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ። ዕድሜዬ 57 ነው፤ ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ከ20 ዓመት በላይ ፒያሳ ስሠራ ቆይቼ ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ከአምባሳደር ጀርባ ጠባብ ክፍል ተከራየሁ። ባለፈው ዓመት ራሴን ሲያዞረኝ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ግፊቴ 168 በ102፣ መጥፎው ኮሌስትሮሌ ደግሞ 174 እንደሆነ ነገሩኝ። የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስቱ አምሎዲፒን ባለ 5 እና አቶርቫስታቲን ባለ 20 ሚሊግራም አዘዙልኝ። የግፊቱን ጠዋት ጠዋት እውጣለሁ። የኮሌስትሮሉን ግን ጎረቤቴ «ጉበት ይጨርሳል» ስላለኝ በሦስተኛው ሳምንት ተውኩት። በሁለተኛው ወር ስመረመር ቁጥሩ ያው ነው፤ መድኃኒቱ አልሠራልኝም ማለት ነው። አሁን ደግሞ ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቴ ያብጣል፤ የካልሲው ጥለት ቆዳዬ ላይ ታትሞ ያድራል። ኩላሊቴ እንዳይሆን ፈራሁ። ግፊቱም አልወረደም፤ ባለፈው ሳምንት በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ስወጣ መንገድ ላይ ከሚለኩት ልጆች አንዱ ጋ አስለክቼ 159 በ96 ሆነ። ወንድሜ «ደህና የልብ ስፔሻሊስት ፈልግ፤ ካልሆነ አዋጥተን ባንኮክ እንልክሃለን» ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

ለጉልበቴ ሕመም ማታ ማታ ዳይክሎፌናክ እወስዳለሁ፤ ይህ ግን ከጥያቄዬ ጋር አይገናኝም።

ልብስ ሰፊው፣ ከአምባሳደር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በሁለተኛው ዓይኔ ከግርጌው አልነቀል አለ። «አይገናኝም» ያሉት የጉልበት መድኃኒት ከሁሉም ይበልጥ ይገናኛል።

ዳይክሎፌናክም ሆነ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉት ዘመዶቹ ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዳያስወጣ ይይዙታል። የተያዘው ውሃ ግፊቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ እግር ላይም ወርዶ ያሳብጣል፤ ነገሩ ሲቆይ ኩላሊቱን ራሱን ይጎዳል። እርስዎ ጠዋት ግፊት የሚያወርድ፣ ማታ ግፊት የሚያወጣ ክኒን እየዋጡ ነው የከረሙት። ሐኪሙ አልጠየቁዎትም ይሆናል፣ እርስዎም አልነገሯቸውም፤ ያለ ማዘዣ የተገዛ ማስታገሻ በእኛ ዘንድ ከመድኃኒት አይቆጠርምና። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይተዉት። ለጉልበትዎ ፓራሲታሞል ይሞክሩ፤ የሚቀባው ዳይክሎፌናክም ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ከሚዋጠው ይሻላል። የስፌት መኪናው ላይም ሦስት ሰዓት ሙሉ ጉልበትዎን አጥፈው አይቀመጡ፤ በየመሃሉ ተነስተው እስከ በሩ ይመላለሱ።

አዲስ ታካሚ ወደ እኔ ሲመጣ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የሚውጡትን፣ የሚጠጡትን፣ የሚቀቡትን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዘው ይምጡ። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት እግራቸው እንደ ዱባ አብጦ መጡ። ፌስታላቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጡት፤ ጨጓራ ማስታገሻ፣ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት በብልቃጥ፣ የልጃቸው ቫይታሚን፣ እና ሁለት የግፊት መድኃኒት ካርቶን። የካርቶኖቹ ቀለም ይለያያል፣ ፋብሪካቸው ይለያያል፣ በትልቁ የተጻፈው የንግድ ስማቸውም ይለያያል። ከሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ግን በሁለቱም ላይ አምሎዲፒን 10 ሚሊግራም ነበር። አንዱን አንድ ክሊኒክ፣ ሌላውን ሌላ ክሊኒክ ነው ያዘዘላቸው። ከሚፈቀደው እጥፍ እየዋጡ አራት ወር ቆይተዋል። ያን ቀን ምንም አዲስ መድኃኒት አላዘዝኩም፤ አንዱን ካርቶን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀርቼ ሸኘኋቸው። ልጃቸው «ይኼው ነው?» በሚል ዓይን አየኝ።

አሁን ወደ 159 በ96 እንመለስ። ቸርችልን ከታች እስከ ማዘጋጃ ቤት በእግር የወጣ ሰው፣ በአዲስ አበባ ከፍታ፣ እንዳለከለከ ቢለካ ጤነኛውም ከፍ ይላል። ይህን ቁጥር ይርሱት። እርስዎ ባለሙያ ነዎት፤ ደንበኛው እየተራመደ ወገቡን አይለኩትም። ግፊትም እንዲሁ ነው፤ ቡናም ሲጋራም ከቀመሱ ግማሽ ሰዓት ይለፍ፣ ሽንትዎን ይሽኑ፣ ጀርባዎን ወንበር ላይ አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጠው፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብዎ ትይዩ ይረፍ። ሲለኩ አያውሩ።

ሌላም አለ፤ ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ እንደ ሸሚዝ እጅጌ ቁጥር አለው። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ጨርቅ ቢጠመጠም መሣሪያው ግፊቱን ከእውነቱ አብልጦ ያሳያል። ሜትርዎን አውጥተው በትከሻዎና በክርንዎ መካከል ክንድዎን ዙሪያውን ይለኩት። የቤት መሣሪያ ጨርቅ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ22 እስከ 32 ሳንቲሜትር ተብሎ ተጽፏል፤ ከዚያ የሚያልፍ ክንድ ትልቁን ጨርቅ ይፈልጋል። መሣሪያ መግዛት ከቻሉ የክንዱን እንጂ የእጅ አንጓውን አይግዙ። ከዚያ ለሰባት ቀን ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ ለክተው ደንበኛ በሚመዘግቡበት ደብተር ላይ ይጻፉ። የመጀመሪያውን ቀን እሰርዘውና የቀረውን አማካይ እወስዳለሁ። በቤት ልኬት አማካዩ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊቱ እንዳልተገራ እቆጥራለሁ።

እግርዎ፦ ከዳይክሎፌናኩ ሌላ አምሎዲፒንም ራሱ ተጠርጣሪ ነው። ትንንሾቹን ደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ውሃ ወደ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል፤ ቀኑን ሙሉ እግሩን አንጠልጥሎ በሚውል ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ጠዋት ጎድሎ ማታ የሚሞላውም ለዚህ ነው። ይህ በራሱ የኩላሊት በሽታ አይደለም፤ ቢሆንም ክሬአቲኒን የሚባለው የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራና የሽንት ፕሮቲን ምርመራ ተሠርቶ ጥርጣሬው ይዘጋ። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያጥርዎ ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ሐኪምዎ እብጠቱን በሁለት መንገድ ሊያቃልሉት ይችላሉ፤ መጠኑን መቀነስ፣ ወይም እንደ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ያለ አንድ ሁለተኛ መድኃኒት መጨመር። ኢናላፕሪል አንዳንዱን ሰው በደረቅ ሳል ያስቸግራል፤ ከንፈር ወይም ምላስ ካሳበጠ ደግሞ ወዲያው ተቋርጦ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ነው። ብቻ ክኒኑን በራስዎ ለሁለት እየሰበሩ አይሞክሩ።

ስለ ኮሌስትሮሉ ትንሽ እቆጣዎታለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ያቆሙትን መድኃኒት በሁለተኛው ወር «አልሠራም» ይሉታል? ጠዋት በልተው ማታ ራበኝ እንደማለት ነው። አቶርቫስታቲን የሚሠራው ጉበት ላይ ነው፤ አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚያመርተው ክትፎው ሳይሆን የራሳችን ጉበት ስለሆነ። 20 ሚሊግራሙ በየቀኑ ሲወሰድ መጥፎውን ኮሌስትሮል ወደ 40 በመቶ ያወርደዋል፤ ያን ጊዜ የእርስዎ 174 ወደ መቶ አካባቢ ይወርድ ነበር። ውጤቱ የሚለካውም ከተጀመረ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነው፤ እየተዋጠ! ጉበቱ በእርግጥ የሚጎዳበት ጥቂት ሰው ነው፤ ለዚህም ነው ከመጀመሩ በፊት የጉበት ምርመራ የሚታዘዘው። ጎረቤትዎ «ኬሚካል» ብለው ፈርተው ከሆነ፣ የዚህ መድኃኒት ዘር የተገኘው ከሻጋታ ነው፤ አኪራ ኤንዶ የሚባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ በ1970ዎቹ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሻጋታ ሲመረምሩ ነው መጀመሪያ ያገኙት።

በነገራችን ላይ፣ ሱቅ ውስጥ አንዳንድ የዘይት ጀሪካን ላይ «ከኮሌስትሮል ነጻ» የሚል ጽሑፍ አለ። ውሸት አይደለም። ከተክል የተጨመቀ ዘይት ኮሌስትሮል የለውም፤ ድንጋይም የለውም። ነገር ግን በክረምት ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ጠጣር ስብ ነው፤ ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም እንዳያነሳ የሚያደርገውም ያ ስብ ነው። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይሻላል፣ እሱም በማንኪያ እየተለካ። ጨውንም ወጡ ላይ ብቻ አይፈልጉት፤ በርበሬው ሲፈጭ ገብቷል፣ ሽሮውም ውስጥ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው።

ስለ ስፔሻሊስት። ያዩዎት የውስጥ ደዌ ሐኪም ስፔሻሊስት ናቸው። ግፊትና ኮሌስትሮል የዕለት እንጀራቸው ነው፤ የልብ ሐኪሙም ቢሆን መጀመሪያ የውስጥ ደዌ ተምሮ ነው ወደ ልብ የገባው። እኔ ታካሚ ወደ ሌላ የምልክበት ጊዜ አለ። የሚያሸና ጨምሮ ሦስት መድኃኒት በሙሉ መጠኑ በትክክል እየተዋጠ ግፊቱ እምቢ ሲል፣ ወይም በ20ዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ግፊት ሲይዘው፣ ወይም የደም ፖታስየም ያለ ምክንያት ዝቅ ሲል፣ ከኋላ የተደበቀ የኩላሊት ወይም የሆርሞን በሽታ አለ ብዬ እጠረጥራለሁ። መጥፎው ኮሌስትሮል 190 ከደረሰ፣ ከቤተሰቡም በወጣትነቱ በልብ የሞተ ካለ፣ ነገሩ በዘር የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በፊት ግን ታይሮይድ ይመርመር፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲቀንስ ኮሌስትሮል ይወጣልና። ዳገት ሲወጡ ደረት የሚጨመድድ ሕመም ካለ፣ ወይም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው ከተለወጠ፣ የልብ ሐኪም ዘንድ። እርስዎ ከጻፉት ውስጥ ከእነዚህ አንዱም የለም። ባንኮክ ቢሄዱም መጀመሪያ የሚጠመጥሙልዎት ያንኑ ጨርቅ ነው፤ ቀጥሎም «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ይሉዎታል።

ወደዚያው ሐኪም ይመለሱ። ደብተሩንና ፌስታሉን ይዘው፣ «የኮሌስትሮሉን አቁሜ ነበር» ብለው በግልጽ ይንገሯቸው። አይቆጡዎትም፤ ቢቆጡም እንደኔ ለጥቂት ደቂቃ ነው። የወንድምዎን መዋጮ ለግፊት መሣሪያውና ለላቦራቶሪው ያድርጉት።

ጥያቄ፦ የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ ሲምቫስታቲን፣ እወስዳለሁ። ለጨጓራ ባክቴሪያ ክላሪትሮማይሲን ያለበት የሦስት ዓይነት መድኃኒት ታዝዞልኝ ከጀመርኩ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ጭኔና ትከሻዬ እንደተደበደበ ሰው ያመኛል። ድካም ነው?

ከለገሃር

መልስ፦ ድካም አይመስለኝም። ክላሪትሮማይሲን ሲምቫስታቲን ከሰውነት እንዳይወጣ ስለሚያግደው መድኃኒቱ ተጠራቅሞ ጡንቻ ያፈርሳል፤ ሁለቱ አብረው መወሰድ የለባቸውም። ሲምቫስታቲኑን አሁኑኑ አቁመው ዛሬ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሽንትዎ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ የፈረሰው ጡንቻ ኩላሊት ይዘጋል። የጡንቻን መፍረስ የሚያሳየውን፣ ሲኬ የሚባለውን የደም ምርመራ ያሠሩልዎታል። ጨጓራውን ላዘዘልዎት ሐኪም የኮሌስትሮሉን ነግረው ነበር? ፌስታል ያልኩት ለዚህም ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ 66 ዓመታቸው ነው፣ የግፊት ክኒን ይወስዳሉ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱም፤ መድኃኒቱንም «ፋሲካ ይድረስ» ብለው ያቆሙታል። ምን ብዬ ላሳምናቸው?

ከአራት ኪሎ

መልስ፦ 55 ቀን ያለ መድኃኒት መቆየት ረጅም ነው፤ ስትሮክ ደግሞ የፍልሰታን ወይም የሁዳዴን ቀን አይለይም። ግን ከእናትዎ ጋር መጨቃጨቅ አያስፈልግም። በቀን አንዴ የሚወሰድ የግፊት መድኃኒት የግድ በጠዋት መዋጥ የለበትም፤ ሰዓቱ ሳይዛነፍ ሁልጊዜ በዘጠኝ ሰዓት ከመክፈቻው ጋር ቢሆን ይበቃል። የሚያሸና ክኒን ካለበት ግን ለመኝታ አይቆይ፤ ሌሊቱን ያመላልሳቸዋል። ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉበት ወቅት ስለሆነ የሚያሸናው መጠን ይቀነስ እንደሆነ ጾሙ ሳይገባ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ስኳርም ካለባቸው ሌላ ጉዳይ ነውና ለብቻው ይጻፉልኝ። ለቀረው የነፍስ አባታቸውን ያናግሩ፤ ለታመመ ሰው ምን እንደሚፈቀድ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ፣ እናትዎም ከእኔ ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ።