ከሐይቅ ድንጋይ ጋር ስለገቡት ፍጥረታት፦ ለኮምቦልቻዋ እህታችን

እህቴ አብሽሪ፣ ጥያቄሽን ከነፎቶዎቹ አየሁት። ሌላውም አባል እንዲከታተል ባጭሩ ልድገመው። ኮምቦልቻ ቤትሽ ጋፒ የሚባሉትን ትንንሽ ዓሣዎች የምታረቢበት አኳሪየም አለ። ሐይቅ ከተማ ካለው ሐይቅ ዳር ጥቁር ድንጋይና የውሃ ተክል ለቅመሽ አስገባሽበት። ትንሽ ሰንብቶ መስታወቱ ላይ ነጭ ትል፣ ድንጋዩ ላይ ክንዶች ያሉት ነገር፣ ተክሉ ላይ ቀንድ አውጣ ታየ። አራተኛው ፎቶ ብዥ ያለ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ኢንተርኔት ስትፈልጊ ስለ «ላይቭ ሮክ» የሚያወሩ ቪዲዮዎች መጡብሽና «አይፕቴዢያ ገባብኝ ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽ። አይፕቴዢያ ድንጋይ ላይ የሚጣበቅ፣ በክንዶቹ የሚነድፍ የባህር ፍጥረት ነው።

አልገባብሽም። ላይቭ ሮክ የባህር ነገር ነው። ኮራል ካለበት አካባቢ የሚወጣ፣ ባክቴሪያና ትንንሽ ፍጥረታት የሰፈሩበት ቀዳዳ የበዛው ድንጋይ ነው። አይፕቴዢያ፣ ብሪስል ወርም፣ ማንቲስ ሽሪምፕ የሚባሉት ከእሱ ጋር ተጣብቀው ይመጣሉ። ሁሉም ያለ ጨው ውሃ አይኖሩም። የዚህ ሐይቅ ውሃ ደግሞ እንደ ባህር ጨዋማ አይደለም። ስለዚህ ከቪዲዮው ላይ ስም መውሰድሽን ተዪው። የባህር ዓሣ አርቢዎች የሚያደርጉትን አንድ ነገር ግን ውሰጂ። ማታ መብራት አጥፍተው ይቆዩና ድንገት ባትሪ ያበራሉ። ከዚያ ከመልኩ ይልቅ አካሄዱን ያያሉ። ቀለም ያታልላል፤ አካሄድ ግን ብዙ ጊዜ አይዋሽም።

ድንጋዩ ላይ ክንዶቹን ዘርግቶ የተጣበቀው ሃይድራ ነው። ከአይፕቴዢያ ጋር የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም በክንዶቻቸው እየነደፉ ያድናሉ። መመሳሰላቸው ለዚህ ነው። በስንጥር ጫፍ ነካ አድርጊው። ወዲያው ተኮማትሮ ነጥብ ካከለ ሃይድራ ነው። ትልልቆቹን ጋፒዎች አይጎዳም። አዲስ የተወለዱትን ግን ይዞ ሊበላ ይችላል። በምንም ዓይነት እዚያው ውሃ ውስጥ እንዳትፍቂው። የተቆረጠው ቁራጭ ራሱን ችሎ ሌላ ሃይድራ ይሆናል። ድንጋዩን አውጥተሽ የፈላ ውሃ አፍስሺበት። እዚህ ደሴ ከፍታው ስላለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ እናንተ ጋ ትንሽ ከፍ ይላል። ለሃይድራ ሁለቱም ይበቃሉ። ድንጋዩን ድስት ውስጥ ከትቶ መቀቀል ግን ይቅር። ውስጡ የታመቀ ውሃ ካለ ሊፈነዳ ይችላል። መስታወቱ ላይ የቀሩት ምግብ ስትቀንሺ ይመናመናሉ። ሃይድራ የሚበዛው እኛ ምግብ ስናበዛ ነው።

ነጩን ትል ለመለየት ጭንቅላቱን እይ። ባለ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ሁለት የዓይን ነጥቦች ካሉትና መስታወቱ ላይ ሳይወዛወዝ ተንሸራቶ ከሄደ ፕላናሪያ ነው። እሱም ሲቆረጥ ይባዛል። እንደ ክር ቀጥኖ ውሃው ውስጥ የሚወራጨው ደግሞ ጉዳት የለውም፤ የተረፈ ምግብና ቆሻሻ የሚበላ ትል ነው። ፎቶሽ ላይ የማየው ይሄኛው ይመስለኛል። ከበዛ አሸዋው ቆሽሿል ማለት ነው፤ በላስቲክ ቱቦ ሳቢውና ውሃ ቀይሪ። ፕላናሪያ ከሆነ ግን ትንሽ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን ቀጭን ቀዳዳ ብሺው፣ ቁራጭ ጥሬ ሥጋ ክተቺና ሌሊት አስተኚው። ጠዋት ከነእንግዶቹ ታወጪዋለሽ። አልቅትም በዚህ ይያዛል። አልቅትን ገጠር ያደገ ሰው አይስተውም። ሁለቱም ጫፉ ላይ መጣበቂያ ስላለው መንገዱን በስንዝር እየለካ ይሄዳል።

አንዳንዱ «ፌንቤንዳዞል ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ግዢ» ብሎሻል። እውነት ነው፣ ሃይድራንም ፕላናሪያንም ይገድላል። ግን ለከብት የተዘጋጀን መድኃኒት በግምት አኳሪየም ውስጥ መጨመር አልወድም። በወጥመድና በጽዳት የሚያልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ቀንድ አውጣው። ሁሉም ሰው «ዓሣዬን ይጎዳል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ የሚያሳስበኝ የአንቺ እጅ ነው። ፎቶው ላይ ሁለት ዓይነት አይቻለሁ። አንዱ ጫፉ የሾለ ነው። ሌላው ጠፍጣፋና ክብ፣ በጎን ተጠቅልሎ የተኛ። የሆድ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ፣ ባዮምፋላሪያ የሚባለው፣ ቅርፊቱ ጠፍጣፋ ነው። ቢልሃርዚያ ደግሞ በእኛ አካባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። የቦርከና ሸለቆም የሐይቅ ከተማ አካባቢም በሽታው እንዳለባቸው ከሚታወቁት ቦታዎች ናቸው። ጠፍጣፋ የሆነ ሁሉ ባዮምፋላሪያ ነው እያልኩ አይደለም። ባዮምፋላሪያም ቢሆን ሁሉም አይደለም የበሽታውን ጥገኛ ትል የሚሸከመው። ግን በዓይን አይተሽ «ይሄኛው ንጹሕ ነው» ማለት አትችይም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የታመመ ሰው ዓይነ ምድር ውሃ ውስጥ ሲገባ እንቁላሉ ይፈለፈልና ቀንድ አውጣው ውስጥ ይገባል። እዚያ ተባዝቶ በዓይን የማይታይ እጭ ሆኖ ይወጣል፤ በተለይ ቀን፣ ብርሃን ሲኖር። የሰው ቆዳ ካገኘ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። ካላገኘ በ2 ቀን ውስጥ ይሞታል። ጥሩው ዜና፣ ቀንድ አውጣው ጥገኛውን ለእንቁላሉ አያወርስም። አኳሪየምሽ ውስጥ የተፈለፈሉት ጥቃቅኖች ንጹሕ ናቸው። ችግሩ ከሐይቅ አብረውሽ የመጡት ናቸው።

ስለዚህ ዛሬውኑ እስከ ክንድ የሚደርስ የላስቲክ ጓንት አድርጊ። ጠፍጣፋዎቹን በሙሉ በወረንጦ ለቅመሽ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምሪያቸው። ተክሉን ቅጠል በቅጠል እይ፤ ከሥር መደበቅ ይወዳሉ። ማታ የሰላጣ ቅጠል አስገብተሽ ጠዋት አውጪው፤ የተረፉት ተሰብስበውበት ታገኛለሽ። የመጨረሻውን ካወጣሽ በኋላ 2 ቀን ሙሉ ባዶ እጅ አታስገቢ፤ እኔ ብሆን ሳምንት እጠብቃለሁ። ውሃ በቱቦ ስትቀይሪ በአፍሽ አትሳቢ። የወጣውን ውሃም ቦርከና ውስጥ እንዳትደፊ። ፍጥረት ወደሌለበት ቦታ የሚሄደው እንዲህ ነው፤ ጣናን እምቦጭ ምን እንዳደረገው አይተናል።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ድንጋዩን ስትለቅሚ እግርሽን ነክረሽ ነበር? ከነበር ጤና ጣቢያ ሄደሽ ንገሪያቸው፤ የሰገራ ምርመራ ያደርጉልሻል። እንቁላሉ ሰገራ ላይ የሚታየው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ በማግስቱ ተመርምረሽ «ነጻ ነኝ» አትበይ። ቢገኝብሽም ፕራዚኳንቴል የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት አለው። የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ችላ የሚባልም አይደለም።

እንዶድ ጨምሪበት ያለሽን ሰው ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ምርምሩ የተጀመረው። ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። እኛው አገር የተገኘ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ብርብራም እንዲሁ፤ ዓሣ ለማጥመድ ውሃ ውስጥ የሚበተነው ለምን ሆነና! አኳሪየም ውስጥ ሁለቱም አይታሰቡም። ጨው ጨምሪ ያለውም ቢሆን ተክልሽን ከማርገፍ ውጪ ብዙ አይጠቅምሽም።

ለሚቀጥለው፣ ድንጋይ ከፈለግሽ ከውሃ ዳር አታንሺ። ከኮረብታ ላይ ደረቁን ውሰጂ፤ ወሎ ጥቁር ድንጋይ አጥቶ አያውቅም። አቼቶ ጠብ አድርጊበት። ካረፋ ኖራ አለው፣ የውሃሽን ጥንካሬ ይጨምራል። ለጋፒ ችግር የለውም፤ ጋፒ ጠንከር ያለ ውሃ ይስማማዋል። ተክልን ደግሞ 1 እጅ በረኪና ከ20 እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለሽ ለ2 ደቂቃ ያህል ንከሪና ደጋግመሽ እጠቢው። ስስ ቅጠል ያለው ላይቋቋመው ይችላል።

አራተኛው ፎቶ። ብዥታው ውስጥ እግር የሚመስል ነገር አያለሁ። ውሃ ዳር ከሚበሩት፣ ባለ አራት ክንፍና ረጅም ጅራት፣ ድራጎንፍላይ ከሚባሉት ነፍሳት የአንዱ እጭ እንዳይሆን እፈራለሁ። የታችኛ ከንፈሩን ወደ ፊት ወርውሮ ነው የሚይዘው። እኔ ጋ የጋፒ ግልገሎች በየቀኑ እያነሱ፣ በሽታ ነው ስል፣ ተክሉ ሥር ተደብቆ ያገኘሁት እሱን ነበር። ከሁሉም እንግዶችሽ ዓሣ የሚጨርሰው ይሄ ነው። ዛሬ ማታ በባትሪ ፈልጊው። ስድስት እግርና ትልልቅ ዓይን ካለው በወረንጦ አውጪውና ነጭ ሳህን ላይ ከአንድ ብር ሳንቲም ጎን አድርገሽ ከላይም ከጎንም አንሺው። ፎቶውን እዚሁ ለጥፊው፣ አይቼ እመልስልሻለሁ።