አንድ ቃል፣ ስንት መንፈስ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ከአዳማ ነው የምጽፈው፣ የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ቤተክርስቲያን «መንፈስ ቅዱስ» እንላለን፣ ሰፈር ውስጥ ደሞ ሰው ሲታመም «መንፈስ አለበት» ይባላል፣ በዛ ላይ የእንግሊዝኛ ቲቸራችን ስፒሪት ማለት ጠንካራ መጠጥም ነው አለን። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ እህታችን፣ ደስ የሚል ጥያቄ ነው። የሁሉም መነሻ ትንፋሽ ነው። መንፈስ የግዕዝ ቃል ነው፣ ሥሩ «ነፍሰ»፣ ነፈሰ ማለት ነው፣ ነፋስም ነፍስም እስትንፋስም ከዛው የወጡ ናቸው፣ ጎሚስታ ጋ ሄደን «ጎማው ተነፈሰ» ስንል እንኳን ያንኑ ሥር ነው የምንጠራው። ዮሐንስ 3፥8ን ክፈቺ፣ አማርኛው «ነፋስ ወደሚወደው ይነፍሳል» ይልና እዛው ቁጥር ላይ «ከመንፈስ የተወለደ» ይላል፣ ግሪኩ ግን ለሁለቱም ፕኔውማ የሚል አንድ ቃል ነው ያለው፣ ግዕዙም ነፋሱን ራሱን መንፈስ ይለዋል። የዕብራይስጡ ሩአሕም ነፋስም መንፈስም ነው።

«መንፈስ አለበት» የሚለው ግን እኔን በጣም ያሳስበኛል። ቃሉ ለብቻው ጥሩም መጥፎም አይደለም፣ ወንጌሉ እኮ «ቅዱስ» ወይ «ርኩስ» እያለ የሚለየው ለዛ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ግን «ርኩስ» የሚለው ተቆርጦ ቀረና መንፈስ ብቻውን ማስፈራሪያ ሆነ። ድሮ ዛሩም ውቃቢውም ቆሌውም የየራሱ ስም ነበረው፣ ዛሬም የደነገጠ ሰው «ቆሌው ተገፈፈ» ይባል የለ? አሁን ሁሉም «መንፈስ» ተብሎ ተጠቃሏል፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ራሱ እዚሁ ውስጥ ይገባል፣ እሱ ደሞ የአንጎል ሕመም ነው፣ መድኃኒት አለው፣ ጸበሉም ይሁን ጸሎቱ ሳይቀር እባካችሁ ሐኪም ቤትም ውሰዱት።

ወደ መጠጡ ስንመጣ፣ ስፒሪት ከላቲን ስፒሪቱስ ነው የመጣው፣ እሱም ትንፋሽ ማለት ነው። መጠጥ ሲነጠር ከድስቱ የሚወጣውን እንፋሎት የድሮ ቀማሚዎች የፈሳሹ መንፈስ ነው ብለው አሰቡት፣ ስሙ በዛው ቀረ። ዓረቦቹ ደሞ እንፋሎቱን ትተው ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ የሚለውን አዩና ዐረቅ አሉት፣ ላብ ማለት ነው፣ የኛም አረቄ ከዛ ነው የመጣው።