የጀሶ ጥርስ የያዘው አባት

ስለ አንድ የልጆች ፊልም ልጽፍላችሁ ነው። «በዚህ ዕድሜህ ስለ ድራጎን?» የሚል አይጠፋም። ይበል። እኔ ሐዋሳ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሠራ ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ። ታካሚው የሚያውቀው ሐኪሙን ነው። ጥርሱን የሠራለት ሰው ከጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ከጀሶና ከሰም ጋር ሲታገል እንደሚውል ብዙ ሰው አያስበውም። ይህን የምነግራችሁ ለማማረር አይደለም። ወደ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን ነው።

ፊልሙ «ዘ ኔቨርኤንዲንግ ስቶሪ» ይባላል። በፈረንጆቹ 1984 ወጣ። ዳይሬክተሩ ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ፒተርሰን ነው፤ ከዚያ በፊት «ዳስ ቡት» በተባለው የባሕር ሰርጓጅ ፊልሙ ስሙ ገንኖ ነበር። ባስቲያን የሚባል እናቱ የሞተችበት ልጅ አለ። የሚያስቸግሩት ልጆች ሲያሳድዱት አንድ አሮጌ መጽሐፍ መሸጫ ውስጥ ዘው ይላል። ከዚያ አንድ መጽሐፍ ይዞ ይወጣና ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሥር ተሸሽጎ ማንበብ ይጀምራል። በመጽሐፉ ውስጥ ፋንታዚያ የምትባል አገር አለች። አገሪቱን «ምንም» የሚባል ነገር እየበላት ነው። ጎርፍም አይደለም፣ እሳትም አይደለም። የደረሰበት ቦታ ባዶ እንኳ አይሆንም፤ ጭራሽ አይኖርም። አትሬዩ የሚባል ትንሽ አዳኝ በፈረሱ በአርታክስ ላይ ሆኖ መድኃኒት ፍለጋ ይላካል።

እኔና ጓደኞቼ ያየነው ቪዲዮ ቤት ነው። ያኔ ከተማችንን አዋሳ ነበር የምንላት። ከህንድና ከካራቴ ፊልም መሀል ይሄ እንዴት እንደገባ እግዜር ይወቀው። እንግሊዝኛ እችላለሁ የሚል ጎረምሳ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያስረዳን ነበር። ግማሹን ከራሱ ነው የጨመረው። ነጩን ድራጎን የአትሬዩ አጎት አድርጎት አረፈ። እኛም አመንነው።

ሰሞኑን ከእህቴ ልጆች ጋር ደግሜ አየሁት። ድራጎኑ ሲመጣ በሳቅ ፈነዱ። «ይሄ ውሻ ነው እንዴ?» እውነታቸውን ነው፣ የፋልኮር ፊት ውሻ ይመስላል። ግን ኮምፒውተር የሳለው አይደለም። ሙኒክ ባለው የባቫሪያ ስቱዲዮ ከ10 ሜትር በላይ የሚረዝም አካል ተሠርቶለት፣ ቅርፊትና ላባ ለብሶ፣ ፊቱን ሰዎች ከጀርባ ሆነው እያንቀሳቀሱለት ነው የተቀረፀው። ዓይኑ ሲጨፈን ትንሽ ይዘገያል። እኔ ያን መዘግየት ወድጄዋለሁ። የሰው እጅ እንዳለበት ያስታውቃላ።

ከዚያ ረግረጉ መጣ። የሐዘን ረግረግ ይባላል፤ ሐዘን ያሸነፈው ይሰምጥበታል። አትሬዩ ልጓሙን ይጎትታል፣ ይለምናል፣ ይጮኻል። ፈረሱ ቆሞ ያየዋል። ጭቃው ደረቱ ላይ ደረሰ። ስልክ ሲነካኩ የነበሩት ልጆች ስልካቸውን አስቀመጡ። (ፈረሱ ሲቀረጽ የምር ሞቷል የሚባለው ወሬ ሐሰት ነው። ታናሽየዋ ግን እስካሁን አላመነችኝም።)

የልጅነት ፊልማችሁን ደግማችሁ ስታዩ ቶሎ አትፍረዱ። «ያኔ ምን ነክቶኝ ነው የወደድኩት?» ብሎ ማሾፍ ቀላል ነው። «እንደ ድሮ ፊልም የት አለ!» ማለትም ያው ነው። ሁለቱም ስለ እኛ እንጂ ስለ ፊልሙ ምንም አይነግሩንም። ይልቅ ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

ይሄኛው የመጣው ጀርመናዊው ሚካኤል ኤንደ በ1979 ካሳተመው የልጆች መጽሐፍ ነው። እንግሊዝኛው ትርጉም እጄ የገባው ሥራ ከጀመርኩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። 26 ምዕራፍ አለው። ምዕራፎቹ በላቲን ፊደል ተራ ነው የሚጀምሩት፣ የመጀመሪያው በኤ፣ የመጨረሻው በዜድ። ኤንደ መጽሐፉ በሁለት ቀለም እንዲታተም አድርጓል፤ የባስቲያን ዓለም በአንዱ፣ ፋንታዚያ በሌላው። እያነበብኩ ግማሹ ላይ ስደርስ የማውቀው ታሪክ አለቀ። የቀረው ገጽ ግን ካነበብኩት አያንስም ነበር።

ኤንደ ፊልሙን አልወደደውም። ስክሪፕቱ ከመጽሐፉ ሲርቅበት ወይ ሥራው ይቁም ወይ ስሙ ይቀየር አለ። አልሰሙትም። ከሰሳቸው፣ ተረታ። እኔ እዚህ ላይ ልቤ ለሁለት ይከፈላል። ያን ድራጎንና ያን ረግረግ የሠሩ ሰዎች ሥራቸውን አሳምረው ሠርተዋል። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ 26 ምዕራፍ አይገባም። ግን የት ላይ እንደቆረጡት ሳይ የደራሲው ንዴት ይገባኛል። ፊልሙ የሚያልቀው ባስቲያን ድራጎኑ ላይ ተቀምጦ እነዚያን አስቸጋሪ ልጆች ሲያሳድድ ነው። ቪዲዮ ቤቱ በጭብጨባና በፉጨት ነበር የተናጋው። መጽሐፉ ውስጥ ግን መከራው ገና የሚጀምረው የባስቲያን ምኞት መሳካት ሲጀምር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባስቲያን ራሱ ከሚያነበው መጽሐፍ ውስጥ፣ ፋንታዚያ ገብቶ አውሪን የሚባል ሜዳልያ አንገቱ ላይ ያጠልቃል። ከጀርባው «የፈለግከውን አድርግ» የሚል ተጽፎበታል። የተመኘው ሁሉ ይሆንለታል። በመጽሐፉ ባስቲያን ወፍራም ልጅ ነው፤ ፊልሙ ነው ያከሳው። መልከ መልካም መሆን ይመኛል፣ ይሆናል። ብዙም ሳይቆይ ወፍራም እንደነበር፣ በዚያም ይሾፍበት እንደነበር ይረሳል። ጠንካራ መሆን ይመኛል፣ ይሆናል። ደካማ እንደነበር ይረሳል። እያንዳንዱ ምኞት አንድ ትዝታ እየወሰደ ነው የሚሄደው። ክፋቱ የተወሰደበትን አያውቅም። የሚጎድለው ነገር ያለ አይመስለውም። እንዲያውም ይኮራል፣ ይቆጣል፣ ከአትሬዩ ጋር እንኳ ይጣላል።

ሲሄድ ሲሄድ የድሮ ነገሥታት ከተማ የምትባል ቦታ ይደርሳል። እዚያ ያሉት እንደሱ ከሰው ዓለም መጥተው ምኞታቸውን የጨረሱ ሰዎች ናቸው። ትዝታ ስለሌላቸው መመኘት አይችሉም። መመኘት ስለማይችሉ መውጫ የላቸውም። ፊደል የተጻፈባቸው ዳይሶች እየወረወሩ ይውላሉ። ይወረውራሉ፣ ያያሉ፣ ደግሞ ይወረውራሉ። ምናልባት አንድ ቀን ታሪክ ይወጣው ይሆናል። ይህን ሳነብ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ስልክ ላይ ጣታችንን ስንጎትት የምናመሸው ትዝ አለኝ። እናንተን ብቻ አይደለም የማማው፣ ራሴንም ጭምር ነው።

ባስቲያን ከዚያ ያመልጣል። ግን የቀረው ትዝታ ጥቂት ነው። እናቱንና አባቱን ይረሳል። መጨረሻ ላይ የሚያውቀው ስሙን ብቻ ነው። በዚህ ሁኔታ ዮር የሚባል ዓይነ ስውር ማዕድን ቆፋሪ ጋ ይደርሳል። ከጉድጓዱ የሚወጣው ወርቅ አይደለም። ሰዎች አልመው የረሷቸው ሕልሞች ሥዕል ሆነው እዚያ ተደራርበዋል። በጣም ስስ ናቸው፣ ጩኸት ይሰብራቸዋል። ባስቲያን በየቀኑ ጨለማው ውስጥ ገብቶ ይቆፍራል። ያወጣውን በረዶው ላይ ይዘረጋና ያያል። አንዱም ልቡን አይነካውም። ወደ ቤቱ የሚመልሰው ልቡን የሚነካ አንድ ሥዕል ካገኘ ብቻ ነው።

በስንት ልፋት አገኘው። ንጉሥ አይደለም፣ ድራጎንም አይደለም። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ነው። በአንድ እጁ በጀሶ የተሠራ የጥርስ ቅርጽ ይዟል። እንደ መስተዋት በሚያሳይ በረዶ ውስጥ ተይዟል፣ ፊቱ አዝኗል። ባስቲያን ማን እንደሆነ አላወቀውም። ግን ናፈቀው። አባቱ ነው። የባስቲያን አባት ሥራው እንደኔው ጥርስ መሥራት ነው!

ይሄ ቦታ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አስቀምጬ ተነሣሁ። በዓለም ላይ ካለው ሙያ ሁሉ ደራሲው ይቺን መረጠ? ፊልሙ ላይ ያለው አባት ጠዋት ጥሬ እንቁላል ከብርቱካን ጭማቂ ጋር መትቶ የሚጠጣ፣ ልጁን «የቀን ሕልሙ ይብቃህ» የሚል ሰው ነው። ጋውን የለም፣ ጀሶ የለም። ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው። ድራጎኑ ውሻ ቢመስል ምን ገዶኝ።

የኤንደ አባት ኤድጋር ኤንደ ሠዓሊ ነበር። በሕልም ዓለም ያሉ የሚመስሉ ሥዕሎች ነበር የሚሥለው። ናዚዎች ሥራውን ከልክለውበታል። ያ የሥዕል ጉድጓድ ከዚያ ቤት የመጣ ይመስለኛል። የእኔ ግምት ነው። ግን አባቱን ሥራ ላይ አይቶ ያላደገ ሰው ያን ምዕራፍ ይጽፈዋል ብዬ አላምንም።

እናንተስ ወላጆቻችሁን ሥራ ላይ አይታችኋቸው ታውቃላችሁ? ቤት ሲገቡ ማለቴ አይደለም። ደክሟቸው ዜና ፊት ሲያንጎላጁ አይደለም። ሥራ ላይ። እናታችሁ አሞራ ገደል ዓሣ የምትበልት ከሆነች ቢላዋውን ከየት አስገብታ በየት እንደምታወጣው አይታችኋል? እህታችሁ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስፌት ላይ ከሆነች የሸሚዙ የትኛው ክፍል በእጇ እንደሚያልፍ ጠይቃችኋታል? አባታችሁ ባጃጅ ከያዘ አንድ ከሰዓት አብራችሁት ዙሩ። መንገደኛውን ገና ከሩቅ እንዴት እንደሚለየው ታያላችሁ። ከእኔ ሙያ ምክር ብትሉኝ ከዚህ የሚበልጥ የለኝም።

የእኔ ልጆች ምን ማየት ይችሉ እንደነበር ልንገራችሁ። ሐኪሙ የታካሚውን አፍ ልኬት ወስዶ ይልክልኛል። ጀሶውን በውኃ እበጠብጥና ልኬቱ ውስጥ አፈሳለሁ። በአንዴ አይገለበጥም። ከአንድ ጥግ ጀምሮ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ዕቃውን እየነዘሩ ነው፣ አየሩ እንዲወጣ። አንዲት የአየር አረፋ ጥርሱ ጫፍ ላይ ከቀረች ሥራው ተበላሸ ማለት ነው። ጀሶው ሲጠነክር ይሞቃል። ሙቀቱ ሲለቀው ልኬቱን በቀስታ አላቅቀዋለሁ፤ የአንድ የማላውቀው ሰው አፍ እጄ ላይ ይቀራል። የተሰበረው ጥርስ፣ የተሸረፈው፣ በአንድ በኩል ብቻ ሲያኝክ የኖረበት ሁሉ ይታያል። ስለዚህ ያ ሰውዬ ሥዕሉ ላይ የጥርስ ቅርጽ ይዞ ሲቆም ምን እያደረገ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። አረፋ እየፈለገ ነው። ደራሲው ይህን አልጻፈም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት።

ደግሞ ምኞትን ፍሩ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ኤንደም አላለም። በመጽሐፉ ባስቲያን ወደ ቤቱ የሚመለሰው በምኞት ውስጥ አልፎ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። የቸገረው ሂሳቡን ሳያይ መመኘቱ ነው። ወደኛ ሙያ የሚመጡ ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ማሽኑ ነው። ጥርስ በኮምፒውተር ተነድፎ በማሽን ተፈልፍሎ ይወጣል። ልክ ናቸው፣ ወደፊቱ እሱ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን መንጋጋን በሰም ቀርጾ የማያውቅ ልጅ ስክሪኑ ላይ የላይኛው ከታችኛው ጋር ሳይገጥም ሲቀር አያየውም። ማሽኑም አይነግረው። ውጭ መሄድም፣ ከተማ መቀየርም፣ ሰፈር መቀየርም እንዲሁ ነው። ሂዱ። ስትሄዱ ግን ምን ትታችሁ እንደሄዳችሁ በስሙ የምትጠሩት ይሁን። «ሁሉንም ትቼ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ምን እንደተወ አያውቀውም።

ፊልሙን አይታችሁ መጽሐፉን ካገኛችሁ በቀጥታ ከግማሹ መጀመር ያጓጓል። አታድርጉት። የመጀመሪያው ግማሽም ቢሆን ከፊልሙ ይለያል። ረግረጉ ጋ ስትደርሱ ታዩታላችሁ። በመጽሐፉ ውስጥ አርታክስ ይናገራል። ጭቃው እየዋጠው ከአትሬዩ ጋር ያወራል። ምን እንደሚል አልነግራችሁም። የእህቴ ልጅም ለምናኝ አልነገርኳትም። መዝገበ ቃላት ይዛ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሳለች። ረግረጉ ሦስተኛው ላይ ነው።