ጊንጥ ለምታሳድጉ የባሕር ዳር ልጆች

የተወደዳችሁ ልጆች፣

ባሕር ዳር ውስጥ ጊንጥ እያሳደጉ የሚያጠኑ ወጣቶች እንዳሉ ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። የሥራ ዘመኔን በሙሉ ባዮሎጂ ሳስተምር ነው የኖርኩት። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ቤተሰቦቻችሁ «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» ማለታቸው አይቀርም። እኔ ግን ቀጥሉበት እላለሁ። ስትቀጥሉ ግን አንድ ነገር እንድታስቡበት እፈልጋለሁ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ የሰፈሬ ልጅ ነው። አፉ የተቆረጠ ሃይላንድ ይዞ በሩጫ መጣ። «ጋሼ፣ ያለ ወንድ ወለደች!» አለኝ። ውስጡ ያለችው ጊንጥ ነጫጭ ልጆቿን ጀርባዋ ላይ አዝላለች። ጊንጥ እንቁላል አትጥልም፤ የምትወልደው ነፍስ ያለው ልጅ ነው። የተወለዱትም ወዲያው እናታቸው ጀርባ ላይ ይወጣሉ። ልጁ እናቲቱን ያገኛት በቤዛዊት ኮረብታ በኩል፣ ድንጋይ ሥር ነው። ከዚያ በኋላ ለወራት ብቻዋን ነበረች። ስለዚህ ያለ ወንድ ወልዳለች ብሎ ደመደመ።

ደስታው ደስ ይላል። ድምዳሜው ግን አያስኬድም። ጊንጥ በብዙ ዝርያዎች ለወራት ታረግዛለች፤ ከዓመት በላይ የሚያረግዙም አሉ። ድንጋዩ ሥር ስትገኝ አርግዛ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ የአንዳንድ ዝርያዎች ሴቶች የወንዱን ዘር ሰውነታቸው ውስጥ ያቆያሉ። አንዴ ብቻ ተገናኝተው ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊወልዱ ይችላሉ። ስለዚህ እናንተ ቤት ስንት ጊዜ ብቻዋን ኖረች የሚለው ጥያቄ ብዙ አይረዳም። ከመምጣቷ በፊት ወንድ አግኝታለች ወይ? ይህን ደግሞ አሁን ማንም ሊነግራችሁ አይችልም።

ጀርባዋ ላይ ያሉት ልጆች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። እነሱን ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ ታውቋቸዋላችሁ። ለልጁም ያልኩት ይህንኑ ነው። «እናትየዋን ተዋት፤ ሥራህ ያለው ከልጆቿ ጋር ነው።»

ያለ ወንድ መውለድ ተረት እንዳይመስላችሁ። ከ2,500 በላይ ከሚሆኑት የጊንጥ ዝርያዎች አብዛኞቹ ወንድ ያስፈልጋቸዋል። ወንዱ የሴቷን መቆንጠጫ በራሱ መቆንጠጫ ይዞ ወደፊት ወደኋላ ይወስዳታል። ከዚያ የዘር ከረጢቱን መሬት ላይ ያቆምና ወደዚያ ይስባታል። ጥቂት ዝርያዎች ግን ይህ ሁሉ አያስፈልጋቸውም። ሳይንሱ ፓርተኖጄኔሲስ ይለዋል። ከሁሉ የታወቀችው ቲቲዩስ ሴሩላቱስ የምትባለው የብራዚል ቢጫ ጊንጥ ናት። ማቲየሰን የተባለ ተመራማሪ ያለ ወንድ እንደምትወልድ እ.ኤ.አ. በ1962 አሳወቀ። ልጆቿ ሴቶች ናቸው፤ እነሱም በተራቸው ያለ ወንድ ይወልዳሉ። ቆይቶ ግን ወንዶች ያሉባቸው ቦታዎችም ተገኝተዋል።

ቤታችሁ ቀፎ ያላችሁ የጎጃም ልጆች ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም። ድንጉላ ንብ የሚፈለፈለው ካልዳበረ እንቁላል ነው፤ አባት የለውም። ይህን እ.ኤ.አ. በ1845 ያሳወቀው ድዚየርዞን የሚባል ንብ አናቢ ቄስ ነበር። በንብ አባት የሌለው ወንድ ይሆናል፤ ከላይ በነገርኳችሁ ጊንጥ ግን ሴት ትሆናለች።

ከሁሉም በላይ ልነግራችሁ የምወደው የሻርል ቦኔን ታሪክ ነው። የጄኔቫ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1740 የሕግ ተማሪ ነበር፤ ዕድሜው 20። ጎመንና ባቄላ ላይ የምናውቀውን ክሽክሽ ያጠና ነበር። አንዲት ክሽክሽ ገና እንደተወለደች ለይቶ፣ ከቅርንጫፍ ጋር መስታወት ደፍቶባት ብቻዋን አሳደጋት። በየቀኑ፣ በየሰዓቱ እያየ ጻፈ። ክሽክሿ ወንድ ሳታይ 95 ልጆች ወለደች። ውድ መሣሪያ አልነበረውም። ሰዎች ያመኑት ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ምን እንደሆነ ሊያሳያቸው ስለቻለ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ማስረጃው መውለዷ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊት የተጻፈው ሁሉ ነው።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ትንንሾቹ የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪጥሉ ከእናታቸው ጀርባ አይወርዱም። በብዙ ዝርያዎች ይህ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይወስዳል። እስከዚያ እናቲቱን አትነካኩ፤ ከተጨነቀች ልጆቿን ትበላለች። ልክ ሲወርዱ ግን አንድ በአንድ ለዩአቸው። «ገና ትንንሽ ናቸው፣ ለጊዜው አብረው ይቆዩ» አትበሉ። ከመካከላቸው ወንድ ካለና ቀድሞ ከጎለመሰ ልፋታችሁ ሁሉ ገደል ገባ።

ለእያንዳንዷ የራሷ ዕቃ፣ የራሷ ቁጥርና የራሷ ገጽ ይኑራት። ውሃ በሃይላንድ ክዳን ስጡ፤ እንዳትሰምጥ ጠጠር ጨምሩበት። ምግቧ ትንንሽ ፌንጣና በረሮ ነው፤ ፍሊት ከተነፋበት ቤት የተያዘ በረሮ ግን እንዳትሰጧት። የጣለችውን ቆዳ ሁሉ ቀን ጽፋችሁበት በፖስታ አስቀምጡ። ጊንጥ ከጎለመሰች በኋላ ቆዳ አትጥልም። ስለዚህ እነዚያ ቆዳዎች ሳትጎለምስ ጀምሮ እናንተ ጋ እንደነበረች ይመሰክራሉ። ጊንጧም ሆነች ቆዳዋ ባንክ ቤት የብር ኖት በሚፈተሽበት ዓይነት የአልትራቫዮሌት መብራት ስር አረንጓዴ ሆነው ያበራሉ። ማታ አሸዋ ውስጥ የጠፋ ቆዳ ለመፈለግ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

አሁን ብዙዎች የሚዘሉት ነገር ላይ ደረስን። ለብቻቸው ያደጉት ሴቶች ባይወልዱስ? «ይህ ዝርያ ወንድ ያስፈልገዋል» ማለት ትችላላችሁ? ገና ነው። ምናልባት ምግቡ አንሷቸው ይሆናል። ምናልባት የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ጎድቷቸው ይሆናል። ስለዚህ ከእህቶቻቸው ጥቂቶቹን፣ ሲጎለምሱ፣ ከሌላ ቦታ ከመጣ ወንድ ጋር አገናኙ። አያያዙ አንድ ዓይነት ይሁን። ወንድ ያገኙት ወልደው ብቸኞቹ ካልወለዱ፣ ያኔ የምትናገሩት ነገር አላችሁ። አለመውለዳቸውንም ልክ እንደ መውለድ በጥንቃቄ ጻፉት። ከወለዱ ደግሞ ልጆቹን አሳድጉና ጾታቸውን እዩ። ከሆዳቸው ሥር ያሉት ማበጠሪያ መሰል አካላት በብዙ ዝርያዎች ወንዱ ላይ ይረዝማሉ። የሞተችውን አትጣሉ፤ አልኮል ውስጥ አስቀምጡና የተገኘችበትን ቦታ ጻፉባት። ዝርያዋን በትክክል ለመለየት ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደጃችሁ ነው፣ አትፍሩ፣ ሂዱና ጠይቁ።

ስለ ንድፊያ አጭር ነገር ልበል። መቆንጠጫዋ ቀጭን፣ ጅራቷ ወፍራም የሆነችውን በተለይ ፍሯት። በእጅ አትያዙ፤ ረጅም ወረንጦ ተጠቀሙ። ክዳኑ የሚቆለፍ ይሁን። ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ ባታሳድጉ ይሻላል፤ መርዙ በሕፃን ላይ ይበረታል። ከነደፈች ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። በምላጭ መብጣት፣ አጥብቆ ማሰር፣ በአፍ መምጠጥ አያስፈልግም።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። ያለ ወንድ የምትወልድ ጊንጥ አንዷ ብቻ አምልጣ ብዙ ልትሆን ትችላለች። የብራዚሏ ጊንጥ በዕቃ ጭነት እየገባች በየከተማው የተስፋፋችው በዚህ ችሎታዋ ጭምር ነው። እኛ የጣና ልጆች ይህን ለማወቅ ብራዚል መሄድ አያስፈልገንም። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ነው፤ ዘር ሳያስፈልገው ከራሱ እየቀጠለ ይባዛል። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ ገበሬው በእጁ ሲነቅል፣ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ሲያጣ አይተናል። ስለዚህ የውጭ ጊንጥ አታስመጡ። ከሌላ አካባቢ ያመጣችሁትንም ሐይቁ ዳር አትልቀቁ። ያጠናችኋትን የዚሁ አገር ጊንጥ መመለስ ከፈለጋችሁ፣ ያገኛችሁበት ድንጋይ ሥር መልሷት።

ዩኒቨርሲቲ ሌላ ከተማ ደርሷችሁ ጥናቱን መቀጠል ካልቻላችሁ ደግሞ ዕቃዎቹን ከነማስታወሻው ለሚቀጥል ልጅ አስረክቡ። የተረከበው ልጅ ከእናንተ የመጨረሻ መስመር ሥር የራሱን ቀን ጽፎ ይጀምር።