ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት፦ ከውጭ ስለሚታዘዝ ጫማ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ የምኖር የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። በቴሌግራም ትእዛዝ እየተቀበለች ከቻይና ጫማ ከምታስመጣ ነጋዴ ሁለት ጊዜ 40 ቁጥር አዝዤ፣ አንዱ ጣቴን ሲጨብጠኝ ሌላው ደግሞ ስራመድ ከተረከዜ እየወለቀ አስቸግሮኛል። ነጋዴዋ «ያዘዝሽው ቁጥር ነው የመጣልሽ» ከማለት ሌላ መልስ የላትም። ቁጥሬን በትክክል የማውቀው እንዴት ነው? ጥራቱንስ በእጄ ሳልነካው በፎቶ ብቻ መለየት ይቻላል?

መልስ፦ ነጋዴዋ የሰጠችዎት መልስ ሐሰት አይደለም፤ ችግሩ ቁጥሩ የእግርዎ ልክ አለመሆኑ ነው። 40 የሚለው የአውሮፓ ቁጥር የሚነግረን ጫማው ሲሠራ የተወጠረበትን ፎርማ ርዝመት እንጂ የሚለብሰውን ሰው እግር አይደለም። አንዱ ቁጥር ከሚቀጥለው የሚያንሰው በ6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የ40 ቁጥር ፎርማ ርዝመት ወደ 26.7 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ ለጣት መንቀሳቀሻ ስንት እንደሚተው የሚወስነው ፋብሪካው በመሆኑ፣ አፍንጫው የሾለ 40 እና አፍንጫው ክብ የሆነ 40 ለአንድ እግር እኩል ሊሆኑ አይችሉም። የእንግሊዝና የአሜሪካ አቆጣጠር ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል፤ 8 የሚል ቁጥር ብቻ ቢያዩ፣ በእንግሊዝ ከሆነ ወደ 42፣ በአሜሪካ የወንዶች ከሆነ ወደ 41፣ በአሜሪካ የሴቶች ከሆነ ደግሞ ወደ 39 የሚጠጋ ነው።

ስለዚህ ለነጋዴዋ የሚልኩላት ቁጥር ሳይሆን ሴንቲ ሜትር ይሁን። አመሻሹ ላይ፣ ውሎ የደከመው እግር ትንሽ አበጥ ሲል፣ ወረቀት ከግድግዳ ጋር አስጠግተው ያንጥፉና ተረከዝዎን ግድግዳው ላይ አስነክተው፣ ሙሉ ክብደትዎን አሳርፈው ይቁሙ። እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይዞ የረጅሙን ጣት ጫፍ የሚያሰምርልዎ ሌላ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ራስዎ ሲያጎነብሱ ልኩ ይዛባልና። ረጅሙ ጣት የግድ አውራ ጣት አይደለም፤ በብዙ ሰው እግር ላይ ሁለተኛው ጣት ይቀድማል። ሁለቱንም እግር ለክተው የሚበልጠውን ይያዙ፤ ከጣቶች በታች ያለውን ሰፊ ቦታም አግድም ለክተው ይጻፉ፤ ጣትዎን የጨበጠዎት ጫማ ያጠረ ሳይሆን የጠበበ ሊሆን ይችላልና።

በቻይና በተሠሩ ጫማዎች ላይ ብዙ ጊዜ 250 የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ይህ በሚሊ ሜትር የተገለጸ የእግር ርዝመት ነው፤ 25 ሴንቲ ሜትር ለሆነ እግር የታሰበ፣ ከ40 ቁጥር ጋርም የሚመሳሰል። በእኔ ግምት በጫማ ላይ ከሚጻፉት ቁጥሮች ሁሉ ለገዢ የሚጠቅመው ይህኛው ነው። ነገር ግን ሻጮች የሚለጥፉት የልክ ሠንጠረዥ አንዳንዴ የእግርን ርዝመት፣ አንዳንዴ ደግሞ የጫማውን የውስጥ ንጣፍ ርዝመት ይሰጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም ከአንድ ቁጥር በላይ ነው። 25 ሴንቲ ሜትር የሚለው የንጣፉ ርዝመት ከሆነና እግርዎም ልክ 25 ከሆነ፣ ጣትዎ ከፊት ለፊቱ ጋር መጋጨቱ አይቀርም። ስለሆነም የውስጥ ንጣፉ ወጥቶ ከማስመሪያ ጎን የተነሣ ፎቶ ይጠይቁ፤ ሽፍን ለሆነ ጫማ ንጣፉ ከእግርዎ በአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢበልጥ ጥሩ ነው።

ጥራቱን በተመለከተ፣ ለማስታወቂያ የተነሣ ፎቶ ምንም አይነግርዎትም። መጠየቅ ያለብዎት እርስዎ የሚላክልዎት ጥንድ ራሱ፣ ቻይና ካለው ወኪል እጅ ሳይወጣ፣ በቀን ብርሃን የተነሣውን ፎቶ ነው። በመጀመሪያ ሁለቱ ጫማዎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ከኋላ ይታዩ፤ የኋላ ስፌታቸው ቀጥ ብሎ መሐል ላይ መውረድ አለበት፤ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ታኮ ካለ ያ ጫማ ጉልበትን ያሳምማል እንጂ አይለመድም። ቀጥሎ ከላይ ሲታዩ የሁለቱ አፍንጫ እኩል መርዘሙን ይመልከቱ። ከዚያም ሶሉና የላይኛው አካል የሚገናኙበት መስመር በቅርብ ይነሣ፤ ጥቂት የማስቲሽ ቅሪት መኖሩ እንከን አይባልም፣ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ግን በመጀመሪያው ክረምት አፉን ይከፍታል። በሶሉ ዙሪያ የሚታየው ክርም ሁልጊዜ ክር አይደለም፤ ስፌት መስሎ ከላስቲኩ ጋር አብሮ የተቀረጸ ጌጥ በብዙ ርካሽ ጫማ ላይ አለ።

ከተቻለ የአሥር ሰከንድ ቪዲዮ ያስልኩ፤ በቪዲዮው ላይ አንድ ሰው ጫማውን በሁለት እጁ ይዞ ያጥፈው። ደኅና ጫማ የሚታጠፈው ጣቶች ከሚጀምሩበት ቦታ ላይ ነው። መሐሉ ላይ የሚታጠፍ ከሆነ ውስጡ ደጋፊ የለውም ማለት ነው፤ ኮብልስቶን በበዛባቸው የውስጥ ለውስጥ መንገዶቻችን ላይ ደግሞ ይህ ጉድለት ወዲያው ይታወቃል። ተረከዙን ከኋላ በአውራ ጣት ሲጫኑት መቋቋም እንጂ መጨማደድ የለበትም።

ቆዳ ነው የተባለውን ለመለየት መለያው ይረዳል። በአውሮፓ ኅብረት በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣ መመሪያ መሠረት በዚያ ገበያ የሚሸጥ ጫማ የላይኛው አካል፣ ገበሩና ሶሉ ከምን እንደተሠሩ በምልክት ወይም በጽሑፍ ያሳያል፤ የተዘረጋ ቆዳ የሚመስለው ምልክት ቆዳ፣ በዚያው ምልክት ውስጥ አልማዝ ቅርጽ ሲኖርበት የተቀባ ቆዳ፣ መረብ መሰሉ ጨርቅ፣ አልማዝ ቅርጽ ብቻውን ደግሞ ከእነዚህ ውጭ የሆነ ሌላ ማንኛውም ነገር ማለት ነው። ለአውሮፓ ገበያ ያልተሠራ ጫማ ግን ይህ ላይኖረው ይችላል፤ ያን ጊዜ የተቆረጠ ጠርዝ ያለበትን ቦታ በቅርብ ያስነሡ። የቆዳ ጠርዝ ጭረት ጭረት ያለው ሲሆን ሰው ሠራሹ ከጀርባው ጨርቅ ያሳያል። «እውነተኛ ቆዳ» የሚለው ጽሑፍ ደረጃን አይገልጽም፤ ተሰንጥቆ በቀለም የተሸፈነው የታችኛው ንብር ቆዳም በዚሁ ስም ይሸጣል። ክብሪት ጭሮ መፈተንን አልመክርም፤ በአብዛኛው የሚቃጠለው የላዩ ቅብ ስለሆነ የተረጋገጠ ነገር ሳይገኝ ጫማው ይበላሻል።

ይህን ሁሉ ከክፍያ በፊት እንዲያደርጉ የምወተውተው ከባሕር ዳር ወደ ጓንዡ አንድ ጥንድ ጫማ መመለስ የማይታሰብ በመሆኑ ነው። ቀብድ ይክፈሉ፤ ቀሪው የሚከፈለው ፎቶው ታይቶ ሲጸድቅ እንደሆነ አስቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ። የተነገረዎት ዋጋ ማጓጓዣንና ቀረጥን ማካተቱንም ይጠይቁ፤ የጉምሩክ ቀረጥ የሚሰላው በጫማው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን የማጓጓዣውና የመድን ወጪው ተደምሮበት ነው። እቃው ሲደርስ የካርቶኑን ፕላስተር ከመቅደድዎ ጀምሮ ሳያቋርጡ ቪዲዮ ይቅረጹ። በሻንጣ የሚያመጣ ሰው ቦታ ለመቆጠብ ካርቶኑን ስለሚጥል፣ ከመጣሉ በፊት በካርቶኑ ላይና በጫማው ምላስ ውስጥ ያለውን የሞዴል ኮድ ፎቶ እንዲልክልዎ ያድርጉ፤ ታዋቂ ስም ባለው ስፖርት ጫማ ላይ ሁለቱ ካልተስማሙ ኮፒ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የሚፈልጉት ለቢሮ የሚሆን ጥቁር የቆዳ ጫማ ከሆነ፣ እዚሁ ገበያ ወጥቶ ለክቶ መግዛት እየተቻለ ከባሕር ማዶ ማዘዙ ምን እንደሚጠቅም አይገባኝም።

ጥያቄ፦ በጀልባ ጎብኚዎችን ይዤ ወደ ዘጌ የምመላለስ አስጎብኚ ነኝ። በየገዳሙ ደጃፍ ጫማ ማውለቅ ግዴታ ስለሆነ ስፖርት ጫማዎቼ ተረከዛቸው እየተረገጠ ቶሎ ይሞታሉ፤ ክረምት ላይ ደግሞ ከወደቡ ወደ ገዳማቱ የሚወስደው መንገድ ያንሸራትታል። «ውኃ የማያስገባና የማያንሸራትት» የሚል ጫማ በኢንተርኔት አይቻለሁ፤ ልዘዘው?

መልስ፦ «የማያንሸራትት» የሚለውን ቃል ይተዉትና የሶሉን ፎቶ ይመልከቱ። ለእርጥብ ድንጋይና ለጭቃ የሚሆነው ላስቲክ ሶል ነው፤ ጥርሶቹ ጥልቅና ተራርቀው የተተከሉ ሲሆኑ ጭቃው እየረገፈ ይሄዳል፣ ተጠጋግተው ከተሠሩ ግን ጭቃው ይሞላቸውና ልሙጥ ይሆናሉ። ከላይ እስከ ታች ኢቪኤ ከሚባለው ቀላል ስፖንጅ የተሠራ ሶል ለእግር ይመቻል፣ ክብደትም የለውም፤ ይሁን እንጂ ድንጋይ ላይ ቶሎ ያልቃል። የመሐሉ ኢቪኤ፣ መሬት የሚነካው ላስቲክ ሲሆን ሁለቱንም ያገኛሉ።

ውኃ የማያስገባውን በተመለከተ፣ ለእርስዎ ሥራ ባይገዙት እመርጣለሁ። እርስዎን የሚያገኝዎት ውኃ በዝናብ ከላይ የሚወርደው ብቻ አይደለም፤ ከጀልባ ሲወርዱ በቁርጭምጭሚት በኩል የሚገባው ነው፤ አንዴ ከገባ ደግሞ ያው ሽፋን እንዳይወጣ ይይዘዋል። ወንፊት ጨርቅ ያለው ጫማ ቢረጥብም ቶሎ ይደርቃል። ለተረከዙ፣ የኋላው ክፍል ጠንካራ የሆነና ለመጎተቻ የሚሆን ቀለበት ያለው ይምረጡ፤ ማሰሪያውንም በላስቲክ ማሰሪያ ቢቀይሩት ሳይፈቱ ያወልቁታል፣ ሳይረግጡም ያጠልቁታል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከዱባይ የላከልኝን ውድ ጫማ ለሠርግ ብዬ ከነካርቶኑ አስቀምጬው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አውጥቼ ስለብሰው ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ተታለልን ማለት ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ፖሊዩሬቴን የሚባለው የሶል ዓይነት ባይለበስም ከአየሩ እርጥበት ጋር እየተዋሐደ በዓመታት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ይህ በውድና በታወቁ ጫማዎችም ላይ ይደርሳል። እርጥበትና ሙቀት ሲበዙ ደግሞ ይፈጥናል፤ ስለዚህ በጣና ዳር፣ በተለይ በክረምት፣ ጫማን ለዓመታት አስቀምጦ መጠበቅ አያዋጣም። ሲያዝዙ የሶሉን ዓይነት ይጠይቁ፤ በብዙ ስፖርት ጫማዎች ምላስ ውስጥ የተመረተበት ቀን ስለሚጻፍም፣ በቅናሽ የሚሸጠው ጫማ መጋዘን የከረመ እንዳይሆን ቀኑን አስነሥተው ይዩ። አሁን ያለዎት ጫማ የላይኛው አካሉ ደኅና ቆዳ ከሆነ አይጣሉት፤ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስደው በላስቲክ ሶል ያስቀይሩት።